የአዲስ ተማሪ አገባብ

በኢትዮጵያ ስለ ቤተ ክርስቲያን ተማሪ የተጻፈውና በቃል የተነገረው ሁሉ በአንድነት ቢሰበሰብ ብዙ ጥራዝ ይወጣዋል። ይሁን እንጂ የሚበዛው ስለ ረኃቡና ስለ ደበሎው፣ ስለ አኩፋዳውና ስለ መንደር ውሻ የሚናገር ነው። ተማሪው ከሰው ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ድምፁ ይሰማል፤ ቍራሹን ተቀብሎ ወደ ጎጆው ሲመለስ ጀርባው ይታያል፤ ጎጆው ከገባ በኋላ ግን ነገሩ ይቋረጣል። አንባቢውም ተማሪው እንደ ተራበ ያውቃል እንጂ ምን እንደ ተማረ፣ ይልቁንም በምን ልብ ለመማር እንደ ገባ ሳያውቅ መጽሐፉን ይዘጋል።

ስለዚህ ስለ አዲስ ተማሪ የተነገሩትን ታሪኮች የሚመረምር ሰው አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። ተማሪ ወደ መንፈሳዊ ትምህርት ገባ የሚባለው መቼ ነው? እናት አባቱ እጁን ይዘው ለመምህሩ ባስረከቡበት ቀን ነውን? ወይስ እርሱ ራሱ ትምህርቱን የራሱ ባደረገበት ቀን? ሁለቱ ቀኖች አንድ ቢመስሉም አንድ አይደሉም። በመካከላቸው አንዳንድ ጊዜ ወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ዓመታት ያልፋሉ። ምሉዕ ታሪክና ጐደሎ ታሪክ የሚለዩትም በዚህ ነው፤ ምሉዑ ታሪክ ሁለተኛውን ቀን ያሳያል፤ ጐደሎው በመጀመሪያው ቀን ላይ ይቀራል።

የዚህ ነገር ጥንተ ምሳሌ በመጽሐፈ ሳሙኤል ይገኛል። ሐና ልጅ በማጣት አዝና ስትጸልይ፣ ወንድ ልጅ ቢሰጣት ለእግዚአብሔር መልሳ እንደምትሰጠው ተሳለች፤ ወለደችም፤ ሕፃኑ ጡት በተወ ጊዜም ወደ ሴሎ አምጥታ ለካህኑ ለዔሊ አስረከበችው። ብዙ ሰባኪ ታሪኩን እዚህ ላይ አድርሶ የእናቲቱን እምነት አመስግኖ ይፈጽማል። መጽሐፉ ግን እዚህ ላይ አይፈጽምም። ብላቴናው በመቅደስ እያገለገለ ሳለ ገና እግዚአብሔርን እንዳላወቀ በግልጥ ይመሰክራል። ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ምስክርነት ነው። ልጁ በመቅደስ ያድራል፤ መብራቱ ገና አልጠፋም፤ ታቦቱም በዚያ አለ፤ ነገር ግን እርሱ ገና አልገባም። በሌሊት በስሙ በተጠራ ጊዜ ሦስት ጊዜ ወደ ዔሊ ሮጠ፤ የሰማው ድምፅ የመምህሩ ድምፅ መስሎት ነበርና። በአራተኛው ጊዜ ግን ለጠራው ራሱ መለሰ። በእናቱ ስለት የተጀመረው አገባብ የተፈጸመው በዚያች ሌሊት ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የዔሊም ሥራ ሊስተዋል ይገባል። ዔሊ ዐይኑ የፈዘዘ፣ የገዛ ልጆቹን መግራት ያልቻለ ሽማግሌ ነው፤ መጽሐፉም ጥፋቱን አይሸፍንለትም። ቢሆንም ለአዲሱ ተማሪ አንድ ታላቅ ነገር አደረገለት። ልጁ ሦስት ጊዜ ወደ እርሱ ሲመጣ ለራሱ አላስቀረውም፤ የሚጠራው ሌላ መሆኑን አስረድቶ ወደ መኝታው መለሰው። ሐናም ብትሆን ልጇን ሰጥታ አልረሳችውም፤ በየዓመቱ ትንሽ ልብስ እየሠራች ታመጣለት ነበር። በየዓመቱ ልብሱን የምትሰፋ እናት የልጇን ቁመት በየዓመቱ መገመት አለባት፤ አምና በሰፋችው ልክ ዘንድሮ ብትሰፋ አይበቃውምና። እንግዲህ መልካም አገባብ ሦስት ሰዎችን ይሻል ማለት ነው፤ ሰጥቶ የማይረሳ ወላጅ፣ ተቀብሎ ለራሱ የማያስቀር መምህር፣ ተጠርቶ ራሱ የሚመልስ ተማሪ።

ሁለተኛው ታሪክ የቅዱስ ያሬድ ነው፤ መታሰቢያው ግንቦት 11 ቀን የሚከበር ስለ ሆነ ለአንባቢ እንግዳ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚናገረው ያሬድ በአክሱም አባቱ በሞተ ጊዜ እናቱ መጽሐፍ እንዲማር ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። ትምህርቱ ግን አልገባው አለ፤ መምህሩም ገረፈው፤ ልጁም ሸሸ። በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ከግንዱ ላይ ሲወጣ እየወደቀ፣ ሲወድቅም እየተነሣ ደጋግሞ ሲሞክር አየ፤ በመጨረሻም ትሉ ከላይ ደረሰ። ያሬድም ተነሥቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ።

ይህን ታሪክ ለልጆች የሚነግር ሰው ሁሉ ስለ ትሉ ትጋት ይናገራል፤ መናገሩም መልካም ነው። ነገር ግን የታሪኩ ምሥጢር በትሉ ላይ ብቻ አይደለም፤ በመመለሱም ላይ ነው። በመጀመሪያ ጊዜ ያሬድን እናቱ አመጣችው፤ በሁለተኛው ጊዜ ማንም አላመጣውም። መንገዱ ያው ነበር፤ መምህሩም ያው፣ መጽሐፉም ያው ነበር፤ የተለወጠው የተማሪው አገባብ ነው። ዝማሬው ዛሬም በየደብሩ የሚሰማው ሊቅ የተገኘው ከሁለተኛው መግባት በኋላ ነው። ይህን ትውፊት ያቈዩ አባቶችም ሊመሰገኑ ይገባል። ስለ ቅዱሳን የሚጽፍ ሰው ባለታሪኩን ከማኅፀን ጀምሮ ዐዋቂ ማድረግ ይቀለዋል፤ እነርሱ ግን የሊቁን የፊት ድንቍርና፣ ግርፋቱንና ሽሽቱን ሳይደብቁ አስተላለፉት። ይህን ያህል እውነት ባይኖርበት ኖሮ ዛሬ የሚቸገር አዲስ ተማሪ በታሪኩ ባልተጽናና ነበር።

ሦስተኛው ታሪክ የልብ ወለድ ነው። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በከተማም በገጠርም የታወቀ ነው፤ ያላነበበውም ቢሆን ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው የሰማ ብዙ ነው። ደራሲው በ1902 ዓ.ም. በጎጃም የተወለዱ፣ ቅኔንም በዚያው በጎጃም የተማሩ ስለ ሆኑ ስለ ተማሪ ቤት የጻፉት ከሰው ሰምተው አይደለም። የመጽሐፉ ባለታሪክ በዛብህ የማንኩሳ ልጅ ነው። እናት አባቱ ለእግዚአብሔር አገልግሎት በስለት ሰጡት፤ ስለቱም ሳያገባ በድንግልና እንዲኖር የሚያስገድድ ነበር። ልጁ ተማረ፤ በትምህርቱም ከፍ አለ፤ የቅኔ ዐዋቂ ሆነ። ኋላም በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ገባ። ከዚያ በኋላ የሆነው የታወቀ ነው፤ ፍጻሜውንም የመጽሐፉ ስም ራሱ አስቀድሞ ይናገራል።

ስለዚህ መጽሐፍ ሁለት ዐይነት አንባቢዎች ይከራከራሉ። አንደኛው ወገን መጽሐፉ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርትና ስለትን ይነቅፋል ብሎ ያዝንበታል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ነቀፋውን ወድዶ፣ በዛብህን ያጠፋው ትምህርቱ ነው ይላል። መጽሐፉን በእርጋታ ላነበበ ሰው ግን ሁለቱም ወገኖች ከመንገድ ወጥተዋል። ልዩ ልዩ ነገር ባለታሪኩን ከመከራ አድርሶታል፤ የባላባቱ ትዕቢት አለ፤ በትውልድና በዘር ሰውን የሚመዝን ልማድ አለ። ትምህርቱ ግን አላጠፋውም፤ እንዲያውም ያለ ትምህርቱ ከፊታውራሪው ደጅ ባልደረሰ ነበር። ችግሩ ሌላ ነው። በዛብህ የገባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሳሙኤል የነበረው ሁለተኛ ሌሊት፣ ያሬድም የነበረው የዛፍ ጥላ ለበዛብህ አልተገኘለትም። ስለቱ በሕፃንነቱ ታሰረ፤ አድጎ ዐዋቂ ከሆነ በኋላ ያንን ስለት የራሱ ያደርገው እንደ ሆነ የጠየቀው የለም። እርሱም ራሱን ሳይጠይቅ ኖረ። ልቡ ሊጠይቀው የተነሣው ሰብለን ባየ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጥያቄው ዘግይቶ ነበር።

ሐና ልጇን ስትሰጥና የበዛብህ ወላጆች ልጃቸውን ሲሰጡ ሥራው አንድ ይመስላል። ስለቱ በሁለቱም ዘንድ በእምነት የተደረገ ነው፤ በሁለቱም ዘንድ ልጁ አልተጠየቀም፤ ሕፃን ሊጠየቅ አይችልምና። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ባለው ነው። ለሳሙኤል ስለቱ በር ሆነለት፤ ለበዛብህ ግን ግድግዳ ሆነበት። የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ታላቅ ሥራ ይህን ልዩነት ያለ ስብከት፣ በሰው ሕይወት ማሳየታቸው ነው። ወላጆቹን ክፉ አላደረጓቸውም፤ ልጃቸውን የሚወዱ የዋሃን አደረጓቸው እንጂ። ክፉ ሰው ያደረሰው ጥፋት ቢሆን አንባቢ ክፉውን ረግሞ በተጽናና ነበር፤ ፍቅር ያደረሰው ጥፋት ግን አንባቢው የገዛ ቤቱን እንዲመረምር ያስገድደዋል።

ነገር ግን ለመጽሐፉ ከሚገባው ምስጋና ጋር አንድ ጕድለትም ሊነገር ይገባል። አንባቢ የበዛብህን ፍቅርና መከራ ለዘወትር ያስታውሳል፤ በዛብህ ቅኔ ሲቈጥር በልቡ የሚሆነውን ግን አጥብቆ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ባለታሪኩ የቅኔ ሰው ሳለ ቅኔው በታሪኩ ውስጥ እንደ ማዕርግ ቆሞ ይታያል እንጂ እንደ እሳት አያቃጥልም። ይህ ባይሆን ኖሮ ሁለተኛው በር ለበዛብህ ስለምን እንዳልተከፈተ በበለጠ በታወቀ ነበር። ቅኔ ቤት ራሱ ለተማሪ ሁለተኛ መግቢያ እንዲሆን ተብሎ የተሠራ ያህል ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅ ከፊደልና ከአቡጊዳ ተነሥቶ የዮሐንስን መልእክት፣ ዳዊትንም እስኪደግም ድረስ የሚይዘው ሁሉ የሌላ ሰው ቃል ነው። በዜማ ቤትም የሚያዜመው አባቶች የሠሩትን ነው። ወደ ቅኔ ቤት በገባ ጊዜ ግን ሥርዐቱ ይለወጣል። ማታ መምህሩ ግስ ይነግራል፤ ቅኔም ይዘርፋል፤ ተማሪው በጨለማ ተቀምጦ ያደምጣል። በማግሥቱ ተማሪዎች በየዱሩና በየጥላው ተበታትነው ቈጠራ ይውላሉ። ያን ጊዜ አዲሱ ተማሪ የቃረመውን ዳዊት ሁሉ ቢያስታውስ አያድነውም፤ የሚጠበቅበት ከራሱ ልብ የወጣ ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ነውና። ሥላሴ ስድስት ቤት፣ መወድስ ስምንት ቤት አለው፤ እነርሱ ኋላ ይመጣሉ። መጀመሪያ ይህች ሁለት ቤት ናት። ስሟም ውኃው የወይን ጠጅ የሆነበትን የቃናን ሰርግ የሚያስታውስ ነው። ከሌላ የተቀዳ ውኃ በልቡ ጋን ተለውጦ ካልወጣ ተማሪው ገና ተጋባዥ ነው፤ አገልጋይ አልሆነም።

ከዚያም የነገራ ሰዓት ይመጣል። ተማሪው በመምህሩ ፊት ቀርቦ የቈጠረውን ይናገራል። መምህሩ ቤቱ እንዳልመታ፣ ግሱ እንደ ተሳሳተ፣ ወይም ሰሙ ሳይኖር ወርቅ እንደ ፈለገ ይነግረዋል፤ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ቃል አፍርሶ በአንድ ቃል ያቀናለታል። የአዲስ ተማሪ እውነተኛ ፈተና ይህ ነው። ረኃብን ብዙ ልጅ ይታገሣል፤ ረኃብ በገበሬም ቤት አለና። ውሻንም በዱላ ይከላከሉታል። ከገዛ ልብ የወጣውን ነገር ሰው ሁሉ እየሰማ ሲታረም ቆሞ መስማት ግን ሌላ ነው። የታረመበትን ይዞ በማግሥቱ ወደ ዱሩ የሚወጣ ተማሪ ያን ጊዜ ገባ። ወላጆቹ ሰጥተውት የመጣም ቢሆን፣ ከከብት ጥበቃ ኮብልሎ የመጣም ቢሆን በዚህ አንድ ነው። ኮብላይ በገዛ ፈቃዱ መጥቷልና ፈተና የለበትም ማለት አይቻልም፤ እርሱም ከአንድ ነገር ሸሽቶ እንጂ ወደዚህች ሁለት ቤት ብሎ አልመጣም።

ለዚህ ምስክር የሚሆን አንድ መጽሐፍ አለ። መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው ከአለቃ ለማ ኃይሉ አንደበት ሰምተው ያሳተሙት «መጽሐፈ ትዝታ» የሽማግሌ ወግ ነው፤ እንደ ልብ ወለድ የተሰናዳ አይደለም። ቢሆንም ያረጀ ሊቅ ያለፈ ዘመኑን ሲያስታውስ በልቡ ጐልቶ የቀረለት ምን እንደ ሆነ ከዚያ ይታያል፤ የመምህራን ጠባይና ንግግር፣ የሊቃውንት ፉክክርና ቅኔ ነው። ችግሩ አልተረሳም፤ ነገር ግን ለትምህርቱ ጥላ እንጂ አካል አልሆነም። ስለ ተማሪ የሚጽፍ ደራሲ ከዚህ ሽማግሌ ሊማር የሚችለው ብዙ ነው።

ይህ ሁሉ የድሮ ነገር ብቻ ቢሆን መመርመሩ ባላስፈለገ ነበር። ዛሬ ግን አዲስ ተማሪ የሚገባበት ደጅ ሁለት ሆኗል። ቅኔ ቤቱ በየአድባራቱ አለ፤ በአዲስ አበባ ከጠላት ወረራ በኋላ የተቋቋመው፣ በደርግ ዘመን ተዘግቶ ኋላ የተከፈተው የቅድስት ሥላሴ ኮሌጅና የመሰሉትም አሉ። ወደ ኮሌጅ የሚገባ ተማሪ የድጋፍ ደብዳቤና የትምህርት ማስረጃ ይዞ ይቀርባል፤ ይፈተናል፤ ስሙም ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ መኝታና ማዕድ ያገኛል። አንዳንድ ሰው ይህን አይቶ ያለ አኩፋዳና ያለ ደበሎ ሊቅ አይገኝም ብሎ ይተክዛል። ይህ ስሕተት ነው፤ ደራሲዎች ተማሪውን ከደጅ ብቻ እያዩ ስለ ጻፉ የመጣ ስሕተት ነው። ሊቁን የወለደችው ረኃብ አይደለችም፤ በረኃብ ምክንያት ትምህርቱን ጥሎ የሄደውን የቈጠረ ማን ነው? የሚያሳስበው አኩፋዳው መቅረቱ አይደለም፤ ነገራው እንዳይቀር ነው።

በደብዳቤና በፈተና የሚከፈተው የመጀመሪያው በር ነው። ፈተና ተማሪው የሌላውን ቃል መያዙን ይመረምራል፤ ትምህርቱን የራሱ ማድረጉን ግን በወረቀት አያሳይም። ስለዚህ ኮሌጅ ከቅኔ ቤት ሊወስደው የሚገባው አንድ ነገር ቢኖር፣ አዲስ ተማሪ ገና በመጀመሪያው ዓመት አጭርም ብትሆን ከራሱ የወጣች ሥራ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት አቅርቦ፣ ፊት ለፊት ታርሞ፣ አቅንቶ እንዲመልሳት ማድረግ ነው። ቅኔ ብትሆን መልካም ነው፤ ስብከት ወይም ትርጓሜ ብትሆንም ያው ነው። ቅኔ ቤትም በበኩሉ ከዘመኑ ሊማር የሚገባው አለ፤ የተራበ ልጅ በቶሎ ያርማል፣ በቶሎም ያመርራል፤ ጠግቦ የታረመ ግን ያረመውን ሰው ይወድዳል።

ሌላም የሚከብድ ነገር አለ። በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ዲያቆን ቅስና ሳይቀበል አስቀድሞ ከጋብቻና ከምንኵስና አንዱን ይለያል። ይህ ሥርዐት ራሱ የቤተ ክርስቲያንን ልብ ያሳያል፤ ሰው ሳይጠየቅ እንዳይታሰር ትፈልጋለች። እንግዲህ ልጁን በስለት የሚያመጣ ወላጅ፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍ አለቃ፣ ተማሪውን የሚቀበል መምህር ሁሉ ይህንን ልብ ሊይዙ ይገባቸዋል። ስለት ማቅረብ የወላጅ ነው፤ ስለቱን መቀበል የእግዚአብሔር ነው፤ በመካከል ያለው ልጅ ግን በጊዜው መጠየቅ አለበት። የተጠየቀ ልጅ እሺ ቢል እንደ ሳሙኤል ይጸናል፤ ቢሸሽ እንኳ እንደ ያሬድ ሊመለስ ይችላል። ያልተጠየቀ ልጅ ግን ቀን ሲደርስ ልቡ ብቻውን ይጠይቀዋል፤ ያን ጊዜም የሚመክረው አያገኝም። በዛብህን ያገኘው ይህ ነው፤ መጽሐፉም ከታተመ ይህን ያህል ዘመን አልፎ አንባቢን የሚያስለቅሰው ስለ ሰብለ ብቻ አይደለም።

ሰዋስው የተማረ ሁሉ አገባብ የሚባለውን ያውቃል። ዐቢይ አገባብ ብቻውን ሲነገር ትርጕሙ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ከአንቀጹ ጋር በተሳሰረ ጊዜ ግን ነገሩን ሁሉ ይሸከማል። የአዲስ ተማሪም አገባብ እንዲሁ ነው። ደብዳቤውም፣ ስለቱም፣ የወላጅ ምርቃትም መልካም አገባብ ናቸው፤ አንቀጹ ግን ተማሪው ራሱ የሚሠራው ሥራ ነው። ስለ ተማሪ የሚጽፍ ደራሲ አንቀጹን ይፈልግ፤ ተማሪ የሚቀበል መምህርም ያንኑ ይጠብቅ።